ኩሉ፣ ፓውደሩና ብልጭልጩ፦ የጠየቃችሁንና የመለስንላችሁ

ጥር እየመጣ ነው። ሐዋሳ ውስጥ የሰርግ ካርድ ያልደረሰው ሰው ያለ አይመስልም፣ የሜካፕ ቀጠሮውም ከወዲሁ ተይዟል። ባለፈው እትም ስለ ሃይላይተር (ፊት ላይ ስለሚቀባው ብልጭልጭ) ስንጽፍ «የሚያብለጨልጨው ሚካ የሚባል ማዕድን ነው፣ አንዳንዱን የሚያወጡት ሕፃናት ናቸው» ብለን ሁለት መስመር ጣል አድርገን አልፈን ነበር። ሁለቷ መስመር ጣጣ አመጣች። የሚካ፣ የኩል፣ የፓውደር፣ የክሬም ጥያቄ ጎረፈልን። ሁሉንም ማስተናገድ ስለማንችል የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገናል። እንደ ልማዳችን ስም አንጠቅስም።

«ጤና ይስጥልኝ። ፒያሳ አካባቢ ሜካፕ እሠራለሁ። በቀደም አንዲት ሙሽራ ለሙከራ መጥታ ፊቷን ጨርሼ ሃይላይተሩን ልቀባት ስል እጄን ያዝ አደረገችኝ። "ይሄ ሕፃናት ጉድጓድ ገብተው ያወጡት ነው አይደል?" አለችኝ። የምመልሰው ጠፋኝ። ዕቃዬን የማመጣው ከመርካቶ ነው፣ አንዳንዴም ከዱባይ የምታመጣልኝ ልጅ አለች። ሚካ ለቆዳ ጉዳት አለው? እኔስ ሐዋሳ ቁጭ ብዬ ማን እንዳወጣው በምን አውቃለሁ?» — የሜካፕ ባለሙያ፣ ፒያሳ

እህቴ፣ ሁለት ጥያቄ ነው የጠየቅሽው፣ መልሳቸውም ለየቅል ነው። አንዱ «ፊቴን ይጎዳኛል ወይ?» ነው። ሌላው «እዚህ እስኪደርስ ማን ተጎዳበት?» ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን ያደባልቃቸዋል። ፊት ላይ ምንም የማያደርግ ነገር ቆፋሪውን ሊቀብር ይችላል። ደግሞ በሰው እጅ ምንም ግፍ ያልተሠራበት ነገር ቆዳሽን ሊያበላሽ ይችላል። ዛሬ የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚሽከረከሩት።

የቆዳው ነገር ቀላል ነው። ሚካ ስስ ስስ ሆኖ የሚላጥ ድንጋይ ነው። ሲደቅ እያንዳንዷ ቅንጣት ብርሃን ትመልሳለች፣ ብልጭታው እሱ ነው። ቆዳ ላይ ይቀመጣል እንጂ ዘልቆ ወደ ሰውነት አይገባም። ፊት የሚያሳክካቸው ሰዎች አሉ፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የሽቶው ወይም የማቆያው ኬሚካል ነው። ይልቅ አንቺን የሚያሰጋሽ ትንፋሽሽ ነው። ሚካ በሚፈጭበት ፋብሪካ አቧራውን ለዓመታት የሚምጉ ሠራተኞች ሳንባቸው ይጎዳል። አንቺ ያን ያህል አትምጊም። ቢሆንም በሰርግ ሰሞን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምረሽ አራት ሚዜና አንዲት ሙሽራ ጠባብ ክፍል ውስጥ ስትቀቢ፣ ያልተጠፈጠፈውን ብናኝ ፓውደር በትልቁ ብራሽ እያነሳሽ ስታራግፊ፣ አምፖሉ ሥር የሚንሳፈፈውን አቧራ ራስሽ ታይዋለሽ። መስኮት ክፈቺ። ብራሹን ከሙሽራዋ አፍንጫ ራቅ አድርገሽ አራግፊ። አስም ላለባት ሰው ደግሞ የተጠፈጠፈውን ወይም ክሬም የሆነውን ተጠቀሚላት።

አሁን ወደ ሙሽራዋ ጥያቄ እንምጣ። ልጅቷ አላጋነነችም።

ብዙ ሚካ ከሚወጣባቸው ቦታዎች አንዱ የህንድ ምሥራቃዊ ክፍል ነው፣ ጃርካንድና ቢሃር የሚባሉት ክልሎች። እ.ኤ.አ. በ1980 የደን ጥበቃ ሕግ ሲወጣ ሕጋዊዎቹ የማዕድን ጉድጓዶች እያደር ተዘጉ። ጉድጓዱ ቢዘጋም ድህነቱ አልተዘጋም። የአካባቢው ሰው የተተዉት ጉድጓዶች ውስጥ እየገባ ቁርጥራጩን መልቀም ቀጠለ፣ ልጆቹንም ይዞ። ጉድጓዱ ጠባብ ስለሆነ ትንሽ ሰውነት ያለው ልጅ ይመረጣል። ድጋፍ የለውም፣ አፈሩ ይደረመሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 የቶምሰን ሮይተርስ ፋውንዴሽን ጋዜጠኞች ቦታው ድረስ ሄደው ባጣሩት መሠረት በሁለት ወር ብቻ ሰባት ሕፃናት ሞተዋል፣ ሞታቸውም እንዲደበቅ ተደርጓል። ሥራው ሕገወጥ ነዋ፣ ማን ደፍሮ ያመለክታል? በዚያው ዓመት ቴር ዴ ዞም የተባለው የሕፃናት መብት ድርጅት ባወጣው ግምት በሁለቱ ክልሎች ሚካ ላይ የሚሠሩት ልጆች እስከ 22,000 ይደርሳሉ። ይኸው ድርጅት በ2019 ማዳጋስካርን ሲያይ ደግሞ ቢያንስ 10,000 ልጆች አግኝቷል። ማዳጋስካር እዚሁ አፍሪካችን ናት።

ከዚያ የለቀሙት ለደላላ ይሸጣል፣ ደላላው ለነጋዴ፣ ነጋዴው ለላኪ፣ ላኪው ለቀለም ፋብሪካ፣ ፋብሪካው ለሜካፕ ድርጅቱ። የሲዳማ ሰው በቡና ቢያስበው ቶሎ ይገባዋል። ከየጓሮው የተለቀመ ቀይ እሸት አንድ ጣቢያ ገብቶ ከተደባለቀ በኋላ የቱ ፍሬ የማን እንደሆነ ማን ይለየዋል? እና «በምን አውቃለሁ» ላልሽው፣ እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ድርጅቱ ራሱም አያውቅም።

አንቺ ማየት የምትችይው ይኼን ነው። ካርቶኑ ጀርባ ላይ 77019 የሚል ቁጥር ካለ ሚካ አለበት ማለት ነው። «ሲንቴቲክ ፍሎርፍሎጎፓይት» የሚል ረጅምና ምላስ የሚያስር ስም ካለ ደግሞ እቶን ውስጥ በፋብሪካ የተሠራ ሚካ ነው፣ ጉድጓድ አያውቅም። ብልጭታው እንዲያውም ጠንከር ይላል። ዋጋው ግን ይወደዳል።

እዚህ ላይ ክርክር አለ። «ሁላችንም ወደ ፋብሪካው እንዙር» የሚሉ አሉ። «ገዢው ጥሎ ሲሄድ ልጆቹ ትምህርት ቤት አይገቡም፣ ይልቅ ወላጆቻቸው ይራባሉ» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ፓሪስ ላይ ሪስፖንሲብል ማይካ ኢኒሼቲቭ የሚባል ኅብረት የተቋቋመው በዚህ በሁለተኛው ሐሳብ ነው። የኮስሞቲክስ፣ የቀለምና የመኪና ድርጅቶች አባል ሆነው ሚካው ከየት እንደመጣ ለመከታተልና መንደሮቹን ለመደገፍ ይሠራሉ። አባል መሆን ብቻውን ንጹሕ ያደርጋል ብለን አንምልልሽም። ግን ድረ ገጹ ላይ ስለ ሚካ ትንፍሽ ከማይል ድርጅት «ከዚህ ነው የምንገዛው፣ እንዲህ አድርገን ነው የምናጣራው» ብሎ የሚጽፈው ይሻላል። አንድ ነገር እንጨምር፤ ከሚወጣው ሚካ አብዛኛው የሚሄደው ለቀለምና ለኤሌክትሮኒክስ ነው። የሙሽራዋ ስልክና የሰርጓ መኪና ቀለም ውስጥም ሳይኖር አይቀርም። ይህን የምንልሽ እንድትከራከሪያት ሳይሆን ሸክሙን ሁሉ በአንድ ሃይላይተር ላይ እንዳትጭኚው ነው።

ምን ትያት? እውነቱን። «ይሄኛው የት እንደተቆፈረ አላውቅም፣ ይሄኛው ግን የፋብሪካ ሚካ ነው፣ የቱን ልቀባሽ?» በያት። ለዚህ አንድ የፋብሪካ ሚካ ያለበት ሃይላይተር ቦርሳሽ ውስጥ ቢኖር በቂ ነው። ከዱባይ የምታመጣልሽን ልጅ ደግሞ ካርቶኑን እንዳትጥለው ንገሪያት። ቦታ ለመቆጠብ ብለው ካርቶኑን ጥለው ዕቃውን ብቻ በሻንጣ ጠቅጥቀው ያመጣሉ፣ የሚነበበው ሁሉ ግን ያለው ካርቶኑ ላይ ነው።

«ፈረንጅ የፈጠረውን ጭንቀት ለምን ታመጡብናላችሁ? እዚሁ ሐይቁ ዳር ቆሎ የሚሸጡ፣ ጫማ የሚጠርጉ ልጆች ሞልተው እናንተ ለህንድ ልጅ ታለቅሳላችሁ። ወሬ!» — የተናደደ አንባቢ፣ አቶቴ

ወንድማችን፣ ስለ ሐይቁ ዳር ልጆች ያልከው ልክ ነው፣ አንከራከርህም። ፈረንጅ ፈጠረው ያልከው ግን ልክ አይደለም። እነዚያን መንደሮች እየዞሩ ልጆችን ከጉድጓድ አውጥተው ትምህርት ቤት ሲያስገቡ የቆዩት ህንዶች ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2014 የኖቤል የሰላም ሽልማት ከፓኪስታናዊቷ ማላላ ጋር የተካፈለው ካይላሽ ሳትያርቲ አንዱ ነው፣ ድርጅቱ የሚካ መንደሮች ውስጥ ለዓመታት ሠርቷል። ጫማ የሚጠርገውን ልጅ ለመርዳት የህንዱን ልጅ መርሳት የግድ አይደለም። የቆሎውን ነገር ለብቻው ጻፍልን፣ እናወጣዋለን። የምራችንን ነው።

«ልጄን ከወለድኩ ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው። አማቴ ልታርሰኝ መጥታ ከእኛ ጋር ናት። እግዜር ይስጣት፣ ያለ እሷ አልችለውም ነበር። ችግሬ ኩል ነው። በየጠዋቱ ልጅቷን አጥባ ዓይኗን ትኩላታለች፣ ቅንድቧንም ትስልላታለች። "ዓይኗ ይተልቃል፣ ቡዳም አይበላትም" ትላለች። ኩሉን ድንጋዩን ገዝታ ራሷ ነው የምትወቅጠው። "ተፈጥሮ ነው፣ ኬሚካል የለው" ትለኛለች። ለክርስትናዋ ቀን ደግሞ አሳምራ ልትኩላት አስባለች። ጉዳት አለው? ካለውስ እንዴት ብዬ ልንገራት?» — የመጀመሪያ ልጅ እናት፣ ታቦር

ጉዳት አለው። ዛሬውኑ ይቁም። በዚህ ገጽ ካሉት ጥያቄዎች ሁሉ ያሳሰበን ያንቺ ነው።

ያን ድንጋይ አንስተሽ እዪው። በመጠኑ ትንሽ ነው፣ እጅሽ ላይ ግን ይከብድሻል። ሲሰበር ግራጫ ሆኖ እንደ ብር ያብረቀርቃል፣ ስብራቱም አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ይሆናል። እንዲህ ከሆነ ጋሌና የሚባለው ማዕድን ሳይሆን አይቀርም፣ ጋሌና ደግሞ የእርሳስ ማዕድን ነው። መጻፊያውን ማለታችን አይደለም፣ በባትሪ ውስጥ የሚገባውን መርዛማ ብረት ነው። በተለያዩ አገሮች ገበያ ላይ የተገኘ ኩል ላቦራቶሪ ሲገባ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ እርሳስ የሆነ ተገኝቷል። አሜሪካ ኩልን እንደ መዋቢያ ቀለም አትፈቅድም፣ አውሮፓም እርሳስን በመዋቢያ ውስጥ ከልክላለች። ኩል ሁሉ እርሳስ ነው አንልም። ከጥላሸት የሚሠራም አለ። ዱቄት ከሆነ በኋላ ግን ሁለቱም ጥቁር ናቸው፣ በዓይን አይለዩም።

ሕፃን ልጅ ዓይኗን በእጇ ታሻለች፣ እጇን አፏ ውስጥ ትከታለች። መንገዱ ይኸው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትንንሽ ልጆች ከዋጡት እርሳስ ወደ ሰውነታቸው የሚገባው ከትልቅ ሰው ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይበልጣል። ጉዳት የለውም የሚባል ትንሽ መጠንም የለም። የሚጎዳው አንጎልን ነው፣ የሚታየውም ቆይቶ ነው፤ ትምህርት አልገባ ሲላት፣ አንድ ቦታ መቀመጥ ሲያቅታት። «እኛም ተኩለን አድገናል፣ ምን ሆንን?» የሚሉሽ ለዚህ ነው። ምልክቱ የዚያን ቀን ስለማይታይ ማንም ከኩሉ ጋር አያገናኘውም።

መኳያውም ሌላ ጣጣ ነው። አንዱ መኳያ ከአያት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ጎረቤት ይዞራል። የዓይን በሽታም አብሮ ይዞራል።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል። አማትሽ ክፉ አላሰቡም። ከእናታቸው ያዩትን ነው ያደረጉት። አንቺ ብቻሽን ቆመሽ «አይቻልም» ብትያቸው «ትናንት መጥታ ልታስተምረኝ» ሊሉ ይችላሉ፣ ቤቱም ይረበሻል። ስለዚህ ሸክሙን ለሌላ ሰው አሸክሚው። የክትባት ቀን ሲደርስ «እማዬ፣ አብረን እንሂድ፣ ልጅቷን ያዙልኝ» ብለሽ ይዘሻቸው ሂጂ። ቀድመሽ ነርሷን ጆሮዋ ላይ ንገሪያት። ነርሷ ካርዱን እየጻፈች «የልጅቷ ዓይን ምንድን ነው? ኩል ነው? እሱማ እርሳስ አለበት እኮ» ብትል ከአንቺ አሥር ቀን ንትርክ ይበልጣል። እስከዚያ ድረስ ብልቃጡን ራቅ አድርጊው። ባልሽም ዝም ብሎ አይመልከት፣ እናቱ ናቸው፣ እሱ ይናገር።

የተቀባውን በንጹሕ ጨርቅና ውሃ ጥረጊው። ጡት ማጥባቱን ቀጥይ። ለሐኪም «ለሁለት ወር ያህል ኩል ተቀብታለች» ብለሽ ንገሪ፣ የደም ምርመራ ያስፈልጋት እንደሆነ እሱ ይወስናል። ድንጋዩ ቤት ውስጥ ሲወቀጥ የነበረ ከሆነ ሙቀጫው ለበርበሬ እንዳይውል። ወለሉንም በእርጥብ ጨርቅ እንጂ በመጥረጊያ አትጥረጊው፣ ብናኙ ይነሳል። ለክርስትናው ቀሚሷና ነጠላዋ ይበቃታል።

«ጡረተኛ መምህር ነኝ። በወጣትነቴ ደቡብ ኦሞ አስተምሬያለሁ። የሐመር ሴቶች ቀዩን አፈር በቅቤ ለውሰው ጠጉራቸውን ሲቀቡት እንዴት ያምርባቸው ነበር! አሁን የልጅ ልጄ "የተፈጥሮ ማዕድን" የሚል የፊት ፋውንዴሽን በብዙ ብር ገዛች። ስለ እሱ ስታነብ ግን ቀለሙ በፋብሪካ የተሠራ ሆኖ አገኘችው። ይህ ማጭበርበር አይደለም?» — አባት፣ መናኸሪያ ሰፈር

ጋሼ፣ ጥሩ ነገር አነሱ። የሐመሮቹን አፈር ቀይ የሚያደርገው የብረት ኦክሳይድ ነው፣ በቀላሉ ዝገት ይበሉት። የልጅ ልጅዎ ፋውንዴሽንም ቀለሙን የሚያገኘው ከዚሁ ነው። ካርቶኑ ላይ 77491 ካለ ቀዩ ነው፣ 77492 ቢጫው፣ 77499 ጥቁሩ። ነጩ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው፣ 77891። የእኛን ጠይምነት የሚያወጡት እነዚህን አራቱን በልክ በልክ ደባልቀው ነው።

በፋብሪካ መሠራቱ ግን ማጭበርበር አይደለም፣ እንዲያውም ይሻላል። ከመሬት የወጣ ቀይ አፈር ከብረቱ ጋር አርሴኒክና እርሳስም ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ እንደ ቦታው ነው። የአሜሪካ ሕግ ለመዋቢያ የሚውል የብረት ኦክሳይድ በፋብሪካ የተሠራ ብቻ እንዲሆን ያዛል። ማጭበርበር የምንለው ይህን እያወቁ ጥቅሉ ላይ «የተፈጥሮ» ብለው በትልቁ መጻፋቸውንና ለዚያች አንድ ቃል ሁለት እጥፍ ማስከፈላቸውን ነው። ልጅቷ ዕቃው ከተስማማት ትጠቀምበት። በሚቀጥለው ግን ለቃሉ ብላ አትክፈል።

«ሚስቴ ሕፃኑን ባጠበች ቁጥር ፓውደር ትነሰንስበታለች። የሐዋሳ ሙቀት ያውቁታል፣ አንገቱ ሥር ሽፍታ ይወጣበታል። ፓውደር ካንሰር ያመጣል የሚባለው እውነት ነው?» — አባት፣ አረብ ሰፈር

ብዙው የሕፃናት ፓውደር ይሠራ የነበረው ከታልክ ነው፣ በጣም ለስላሳ ከሆነ ማዕድን። ታልክ መሬት ውስጥ ብዙ ጊዜ አስቤስቶስ ከሚባል ሌላ ማዕድን ጋር ተጎራብቶ ይገኛል፣ በደንብ ካልተጣራ አብሮ ይመጣል። አስቤስቶስ ካንሰር እንደሚያመጣ አያከራክርም። ታልክ ራሱን በተመለከተ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2024 «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል፣ ዕድሉም ሰፊ ነው» ከሚባለው ምድብ አስገብቶታል። በሰው ላይ ያለው ማስረጃ ግን ገና ውስን እንደሆነም አብሮ ተናግሯል። ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ብዙ ሺህ ክስ ሲመጣበት የታልክ የሕፃን ፓውደሩን በ2020 ከአሜሪካና ከካናዳ፣ በ2023 ደግሞ ከመላው ዓለም ገበያ አንስቶ በበቆሎ ስታርች ተክቶታል።

ለአንተ ልጅ ግን ከካንሰሩ በፊት የሚያሰጋው ትንፋሹ ነው። ብናኙ ሳንባው ውስጥ ይገባል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ጭራሽ አትጠቀሙ የሚለው ለዚህ ነው። የስታርቹም ቢሆን ብናኝ ነው። ሽፍታውን የሚያባብሰው ላብ ነው፣ ፓውደሩ ከላብ ጋር ተቦክቶ አንገቱ እጥፋት ውስጥ ሲጋገር ደግሞ የባሰ ያሳክከዋል። አንገቱን በውሃ አጥባችሁ፣ በለስላሳ ፎጣ ጠብ ጠብ አድርጋችሁ አድርቁት። ስስ ጥጥ አልብሱት። ዳይፐር ላቆሰለው ቦታ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቅባት ከፋርማሲ ግዙ። እሱም ማዕድን ነው፣ ግን ይጠቅማል።

«ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሠራው። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች የሚቀቡት ክሬም አለ፣ ስም የለውም፣ ከትልቅ ባልዲ እየተቀዳ በትንንሽ ዕቃ ነው የሚሸጠው። በሁለት ሳምንት ፊታቸው ወለል አለ። እኔም ጀመርኩት። እውነት ለመናገር ነጥቻለሁ። ግን እንቅልፍ እንቢ አለኝ፣ እግሬም ማታ ማታ ያብጣል። ከክሬሙ ጋር ይገናኝ ይሆን?» — የ22 ዓመት ወጣት

ሊገናኝ ይችላል፣ ስለዚህ መቀባቱን አቁመሽ ክሊኒክ ሂጂ። ክሬሙን ይዘሽ ሂጂ።

በእንዲህ ዓይነት ስም የለሽ ክሬም ውስጥ ከሚገኙት አንዱ ሜርኩሪ ነው፣ በአማርኛችን ባዝቃ። ቆዳ ቀለሙን እንዳይሠራ ያግደዋል፣ ፊት የሚነጣው ለዚያ ነው። ቆዳ ላይ ግን አይቀርም። ወደ ደም ይገባል፣ ኩላሊትን ይጎዳል። የእግርና የፊት እብጠት፣ አረፋ የበዛበት ሽንት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ መነጫነጭ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ ምልክቶቹ ናቸው። ስለዚህ ስትመረመሪ ሽንትሽንና ኩላሊትሽን እንዲያዩልሽ ተናገሪ። ደግሞ ይተናል። ፎጣሽን፣ ትራስሽን፣ አብራሽ የምትተኛውን ልጅ ይነካል። ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ የበለጠ ያሳስባል።

ዓለም ይህን ለማስቆም ሚናማታ የተባለውን ስምምነት አውጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2013 ጸድቆ ከ2017 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። መጀመሪያ ከሚሊዮን አንድ እጅ በላይ ሜርኩሪ ያለው መዋቢያ እስከ 2020 እንዲቀር ተባለ። በ2023 ደግሞ ትንሽም ቢሆን ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ ሁሉ በ2025 እንዲያበቃ ተወሰነ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፣ ባልዲው ግን ገበያ ላይ ቁጭ ብሏል።

ካርቶን ላለው ክሬም የሚረዳሽ ዘዴ እንንገርሽ። «ከወርቅ፣ ከብርና ከአልሙኒየም ጌጥ ያርቁት» የሚል ማስጠንቀቂያ ካለው አትንኪው። ሜርኩሪ ከብረት ጋር ስለሚዋሃድ ነው እንዲያ የሚጽፉት። «ካሎሜል» ወይም «ሜርኩሪክ» የሚል ቃል ካለም እንደዚያው። ምንም ካልተጻፈበት ደግሞ የባሰ ነው፣ ምን እንደተቀባሽ ማን ያውቃል? አንዳንዱ ውስጥ ከሜርኩሪ ሌላ ኃይለኛ የስቴሮይድ መድኃኒት ይኖራል። ስቴሮይድ ለወራት ተቀብተሽ በአንዴ ስትተዪው ፊትሽ ሊቀላና ሊያቃጥልሽ ይችላል፣ ያኔ ብዙ ሴቶች ደንግጠው ወደ ክሬሙ ይመለሳሉ። አንቺ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂጂ።

የተረፈውን ሐይቁ ውስጥም ቆሻሻ ላይም አትጣዪው። በፌስታል ጥብቅ አድርገሽ ቋጥሪና ክሊኒክ ወይም የጤና ጽሕፈት ቤት ውሰጂው። ሻጩን ደግሞ ለምግብና መድኃኒት ባለስልጣን በነጻው መስመር በ8482 ደውለሽ ጠቁሚ። ጓደኞችሽን ጠልተሽ አይደለም፣ ነገ እነሱም እግራቸው ያብጣል። ሌላው ቢቀር ይህን ገጽ አሳዪያቸው።

ስለ ፊትሽ አንድ ነገር እንበል፣ ባትጠይቂንም። ጠይምነትሽ በሽታ አልነበረም።

አጫጭር ጥያቄዎች

«ማድያት አለብኝ። ማዕድን ያለበት ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ) ቀቢ ተባልኩ፣ ስቀባው ግን ዱቄት የነሰነስኩ እመስላለሁ።»

ነጭ የሚያደርግሽ ዚንክ ኦክሳይዱና ቲታኒየም ዳይኦክሳይዱ ነው። ቀለም ያለውን ግዢ። ቀለሙ የብረት ኦክሳይድ ነው፣ ነጩን መሸፈን ብቻ ሳይሆን ነጩ ሰንስክሪን የማይመልሰውን የሚታየውን ብርሃን ይከላከላል፣ ማድያትን ከሚያባብሱት አንዱ ደግሞ እሱ ነው። የሐዋሳ ፀሐይ በደመና ቀንም አትምርም፣ ስለዚህ ውጭ የምትውዪ ከሆነ በየሁለት ሰዓቱ ድገሚው፣ ጥላም ያዢ። የሚረጨውን ዓይነት ግን ፊትሽ ላይ አትርጪ፣ ወደ ውስጥ ትምጊዋለሽ።

«ሊፕስቲክ ውስጥ እርሳስ አለ ይባላል። በወርቅ ቀለበት ፋቅ ሲያደርጉት ከጠቆረ እርሳስ አለው የሚል ቪዲዮ አይቼ ሞከርኩት፣ ጠቆረ! ልጣለው?»

ቪዲዮው ውሸት ነው። ወርቅም መዳብም ሰም ላይ ሲፋቅ ራሱ ጥቁር መስመር ይተዋል፣ ከእርሳስ ጋር ግንኙነት የለውም። እርሳስ በላቦራቶሪ ብቻ ነው የሚለየው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር 400 ሊፕስቲኮችን መርምሮ ነበር፣ በአማካይ ከሚሊዮን 1.11 እጅ፣ ከፍተኛው ደግሞ 7.19 እጅ እርሳስ ተገኘ። መሥሪያ ቤቱ ከዚያ በኋላ ያስቀመጠው ጣሪያ 10 ነው። ስለዚህ ስሙና አምራቹ የታወቀ ሊፕስቲክ ብዙም አያሳስብሽ። አስመስለው የሚሠሩትን፣ ካርቶን የሌላቸውን ተዪ፣ ቀብተሽም ከንፈርሽን አትላሺ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ቢቀርብሽ ምንም አትሆኚም። ቀለበቱን ግን ጣትሽ ላይ መልሺው፣ በከንቱ አታቆሽሺው።